ጎተራና ጎረቤት፦ የመሐንዲሱ ኸርበርት ሁቨር ሕይወት

በዛሬው ጊዜ በብዙ አገሮች «የምግብ ባንክ» የሚባል ድርጅት አለ። ስሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ሰው፣ የተራበ ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ እህል የሚሰፈርለት ቤት ሊመስለው ይችላል። አሠራሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የምግብ ባንክ ዋና ተግባር መሰብሰብ፣ ማከማቸትና ማጓጓዝ ነው። በአንድ ክፍለ ሀገር ውስጥ ከገበሬው፣ ከፋብሪካውና ከነጋዴው የተረፈውን ምግብ በትልቅ መጋዘን ያከማቻል፤ ከዚያም በየከተማውና በየመንደሩ ለሚገኙ አነስተኛ የበጎ አድራጎት ማኅበራት፣ ለአብያተ ክርስቲያናት፣ ለሕፃናት ማሳደጊያዎችና ለድሆች ማዕድ ቤቶች ያስረክባል። ለተራበው ሰው በእጁ የሚሰጡት እነዚህ ማኅበራት ናቸው። በመጋዘኑና በማኅበራቱ መካከልም ውል አለ። በዚህ ውል መሠረት ማኅበሩ ምግቡን አይሸጥም፤ በንጽሕና ይጠብቃል፤ ለስንት ሰው እንዳደለ ያስታውቃል፤ መጋዘኑም በየጊዜው ሰው ልኮ ያስመረምራል።

ይህ አሠራር ላይ ላዩን ሲያዩት የመጋዘንና የመኪና ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ግን በውስጡ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ አለ። እህል ያለው ክፍል የተራበውን ሰው በስም አያውቀውም፤ የተራበውን በስም የሚያውቀው ጎረቤት ደግሞ እህል የለውም። ጎተራው ያለ ጎረቤት ዕውር ነው፤ ጎረቤትም ያለ ጎተራ ባዶ እጁን ነው። ታዲያ ሁለቱ በምን ዓይነት ደንብ ሊተባበሩ ይችላሉ? ማንስ ማንን ይቈጣጠራል? ይህን ጥያቄ እጅግ ሰፊ በሆነ መጠን በሥራ ላይ አውሎ የፈተነው ሰው በሙያው የማዕድን መሐንዲስ ነበር፤ እሱም ኋላ የአሜሪካ 31ኛ ፕሬዚዳንት የሆነው ኸርበርት ሁቨር ነው። የዚህ አሠራር ታላቅ ድልም ታላቅ ሽንፈትም በዚህ በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ስለሚገኙ፣ ታሪኩን ለሙያ ባልደረቦቻችን ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ኸርበርት ክላርክ ሁቨር ኦገስት 10 ቀን 1874 ዓ.ም. በአዮዋ ክፍለ ሀገር ዌስት ብራንች በምትባል አነስተኛ መንደር ተወለደ። አባቱ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ወላጆቹ ኩዌከር የሚባለው የክርስትና ማኅበር አባላት ነበሩ። የዚህ ማኅበር ተከታዮች ጦርነትን የሚጠሉ፣ በአለባበስና በአነጋገር ቁጥብ የሆኑ፣ ከመካከላቸው አንዱ ሲቸገር ጉዳዩን ወደ ውጭ ሳያወጡ እርስ በርሳቸው የሚረዳዱ ሰዎች ናቸው። ሁቨር ገና ስድስት ዓመት ሲሆነው አባቱ ሞተ፤ በ1884 ዓ.ም. ደግሞ እናቱ ተከተለች። ሦስቱ ወላጅ አልባ ልጆች በየዘመዱ ቤት ተከፋፈሉ። ሁቨርም በ1885 ዓ.ም. በባቡር ተሳፍሮ በሩቁ ምዕራብ በኦሪገን ወደሚኖረው ሐኪም አጎቱ ዘንድ ሄደ። በመንደርተኛና በዘመድ እጅ ያደገ ልጅ ነበርና፣ ጎረቤት ለጎረቤት ይደርሳል የሚለው እምነት ከልጅነቱ ጀምሮ በውስጡ ሥር ሰዶ ቀረ። ይህ እምነት ኋላ ለብርታቱም ለስሕተቱም ምክንያት ሆኗል።

በ1891 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ከመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች አንዱ ሆኖ ገባ። የተማሪዎችን ልብስ ለእጥበት እየሰበሰበና ጋዜጣ እያደለ ራሱን ረድቶ በ1895 ዓ.ም. በጂኦሎጂ ተመረቀ። ዲግሪውን እንደ ያዘ ያገኘው ሥራ በአንድ የወርቅ ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ የድንጋይ ጋሪ መግፋት ነበር። ዳሩ ግን በዚያ ብዙ አልቈየም። በ1897 ዓ.ም. አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ቀጥሮ ወደ ምዕራብ አውስትራሊያ ላከው፤ ከዚያም በ1899 ዓ.ም. እንደሱ በስታንፎርድ ጂኦሎጂ የተማረችውን ሉ ሄንሪን አግብቶ አብረው ወደ ቻይና ተጓዙ። በ1900 ዓ.ም. በተነሣው የቦክሰሮች ዐመፅ ጊዜ ባልና ሚስቱ በቲየንትሲን ከተማ ተከበው ሰነበቱ፤ እሱ የምሽግ ሥራውን ሲመራ እሷ በሆስፒታል ታገለግል ነበር። በቻይና የነበረው የከሰል ማዕድን ጉዳይ ግን ያለ ነቀፌታ አላለፈም። ኩባንያው ማዕድኑን በእጁ ባደረገበት መንገድ ቻይናዊው ባለሥልጣን ለንደን ላይ ከስሶ በ1905 ዓ.ም. ተፈርዶለታል።

ሁቨር በ1908 ዓ.ም. የራሱን ሥራ ጀመረ፤ ችግር ላይ የወደቁ ማዕድኖችን እያደራጀ በብዙ አገሮች የታወቀ ባለሀብት ሆነ። በ1909 ዓ.ም. ስለ ማዕድን ሥራ መሠረታዊ መመሪያ የሚሆን መጽሐፍ አሳተመ። በ1912 ዓ.ም. ደግሞ ከባለቤቱ ጋር አግሪኮላ በ16ኛው መቶ ዓመት በላቲን የጻፈውን ታላቅ የማዕድን መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው አቀረቡ። እንግዲህ የአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1914 ዓ.ም. ሲፈነዳ ሁቨር በለንደን የሚኖር፣ አርባ ዓመት የሞላው፣ ከገንዘብ ሐሳብ የወጣ መሐንዲስ ነበር።

በጦርነቱ መጀመሪያ ሳምንታት በአውሮፓ የነበሩ ከመቶ ሺህ በላይ አሜሪካውያን ባንኮች ስለ ተዘጉባቸውና መርከብ ስላጡ መውጫ ቸገራቸው። ሁቨር ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ገንዘብ በማበደርና ጉዞ በማዘጋጀት ወደ አገራቸው እንዲመለሱ ረዳ። ይህ ሥራ ገና ሳይጠናቀቅ ግን እጅግ የከበደ ጉዳይ መጣበት።

ቤልጂግ በዚያን ጊዜ ከሰባት ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ያላት፣ በኢንዱስትሪ የበለጸገች፣ ለዳቦ ከሚያስፈልጋት እህል አብዛኛውን ከውጭ የምታስገባ አገር ነበረች። የጀርመን ጦር አገሪቱን ያዘ፤ የእንግሊዝ መርከቦችም ባሕሩን ዘጉ። ጀርመኖች ሕዝቡን የመመገብ ኃላፊነት የእኛ አይደለም አሉ። እንግሊዞች ደግሞ የሚገባው እህል በጠላት ወታደር ሆድ ይገባል ብለው ሠጉ። በሁለቱ መካከል ሕዝቡ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሚያልቅ ስንቅ ይዞ ቀረ። ሁቨር ሥራውን እንዲመራ ሲጠየቅ ደመወዝ ላለመቀበል ወስኖ ተቀበለ፤ ኦክቶበር 22 ቀን 1914 ዓ.ም. የቤልጂግ የዕርዳታ ኮሚሽን ተቋቋመ።

ሁቨር የተረዳው የመጀመሪያ ነገር፣ ከውጭ የመጣ ድርጅት ሰባት ሚሊዮን ሕዝብ ቤት ለቤት ሊመግብ አለመቻሉን ነው። ቤልጂጎች ራሳቸው አስቀድመው ብሔራዊ የዕርዳታና የምግብ ኮሚቴ አቋቁመው ነበር። የክብር መሪው ሶዳ የሚሠራበትን አዲስ ዘዴ የፈለሰፈው ታዋቂው ኤርነስት ሶልቬ ሲሆን፣ ሥራውን በእጁ የያዘው ኤሚል ፍራንኪ የሚባል ብርቱ የባንክ ሰው ነበር። ፍራንኪና ሁቨር ከዓመታት በፊት በቻይና በዚያው በከሰሉ ማዕድን ጉዳይ ተገናኝተው ያልተስማሙ ሰዎች ነበሩ። አሁን ግን የአንድ አገር ሕዝብ እንጀራ በሁለቱ መስማማት ላይ ተንጠለጠለ።

የሥራው ክፍፍል እንደሚከተለው ተደረገ። ኮሚሽኑ እህሉን ከአሜሪካ፣ ከአርጀንቲናና ከሌላም አገር ይገዛል፤ የራሱን ባንዲራ በሚያውለበልቡ መርከቦች ገለልተኛ ወደ ነበረችው ወደ ሆላንድ ወደብ ወደ ሮተርዳም ያደርሳል፤ ከዚያም በቦይ ጀልባዎች ወደ ቤልጂግ ያስገባል። በአገር ውስጥ ብሔራዊው ኮሚቴ በዘጠኙ ክፍለ ሀገሮች ለተቋቋሙ ኮሚቴዎች ያከፋፍላል፤ እነዚህም ከ2,500 ለሚበልጡ የከተማና የገጠር ማዘጋጃ ቤቶች ያስረክባሉ። በየማዘጋጃ ቤቱ ያሉት ኮሚቴዎች ደግሞ ዱቄቱን ለዳቦ ጋጋሪዎች በደንበኞቻቸው ቁጥር ልክ ይሰፍራሉ፤ ለድሆች ማዕድ ቤቶች፣ ለሕፃናት መመገቢያዎችና ለበጎ አድራጎት ማኅበራት ድርሻቸውን ይሰጣሉ። አሜሪካውያኑ የኮሚሽኑ መልእክተኞች በአንድ ጊዜ ከጥቂት ደርዘን አይበልጡም ነበር፤ ብዙዎቹም በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ ይማሩ የነበሩ ወጣቶች ናቸው። ሥራውን በእጃቸው የሚሠሩት በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ቤልጂጋውያን በጎ ፈቃደኞች ነበሩ።

ለመሐንዲስ የሚያስደስተው ክፍል የሂሳቡ አያያዝ ነው። እኛ በውሃ ሥራ ወይም በፋብሪካ የገባው ከወጣውና ከቀረው ጋር እኩል መሆኑን እንደምናረጋግጥ ሁሉ፣ ሁቨርም እያንዳንዱ የስንዴ ጭነት ከወደቡ እስከ ዳቦ ጋጋሪው ድረስ በመዝገብ እንዲከተል አደረገ። እህሉ በአገር ውስጥ ለየማዘጋጃ ቤቱ እስኪታደል ድረስ የኮሚሽኑ ንብረት ሆኖ ይቈያል፤ ስለዚህም ጀርመኖች ሊነኩት አይችሉም። ኮሚሽኑ ባዶውን የዱቄት ጆንያ እንኳ ይቈጥር ነበር፤ ጥጡ ለፈንጂ መሥሪያ ሊውል ስለሚችል አንድም ጆንያ በጠላት እጅ መግባት አልነበረበትም። የቤልጂግ ሴቶች በብዙዎቹ ጆንያዎች ላይ የጥልፍ ሥራ ሠርተውባቸው ለሽያጭና ለስጦታ አዋሏቸው፤ ዛሬም ብዙዎቹ በሁቨር ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ለአስተዳደር የወጣው ወጪ ከጠቅላላው ከመቶ አንድ እጅ አልሞላም።

ሁለተኛው ብልሃት ገዢውንና ተረጂውን አለመነጣጠል ነበር። በጦርነት የተያዘች አገር ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ድሃ አይደለም፤ ገንዘብ ያለውም ቢሆን የሚገዛው ዳቦ የለውም። ስለዚህ መክፈል የሚችለው ከፍሎ እንዲወስድ ተደረገ፤ ከዚህ የተገኘው ትርፍ ደግሞ ምንም ለሌላቸው ሰዎች መርጃ ሆነ። ሁሉም ከአንድ ጎተራ፣ አንድ ዓይነት ዳቦ፣ በአንድ ልክ ስለሚያገኝ፣ ተረጂው በጎረቤቱ ፊት አላፈረም። ከጦርነቱ በፊት የነበሩ ማኅበራትም አልተበተኑም። በብረስልስ የሕፃናትን ምግብ ያዘጋጅ የነበረው «ትንንሾቹ ንቦች» የተባለው ማኅበር በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ገብቶ ሥራውን አሰፋ። ሥራ ላጡት የዳንቴል ሠሪ ሴቶችም ክር በኮሚሽኑ በኩል እየገባ፣ የሴቶች ኮሚቴ ሥራቸውን እየተረከበ ኑሯቸው ተጠበቀ። ማን ልጅ እንዳጠባች፣ ማን እንደ ታመመ፣ ማን ችግሩን ደብቆ እንደሚራብ የሚያውቁት እነዚህ ማኅበራት ነበሩና።

ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ በፍቅር ብቻ አልሄደም። በ1916 ዓ.ም. በሁቨርና በፍራንኪ መካከል ከባድ ክርክር ተነሣ። ፍራንኪ የሚደክሙት ቤልጂጎች ናቸው፣ አገሩም የእነሱ ነው፣ እንግዲህ ቁጥጥሩም በእጃቸው መሆን ይገባዋል ባይ ነበር። በዚህ ውስጥ እውነት ነበረበት፤ በገዛ አገሩ በባዕድ ወጣት መመርመር ለማንም ሰው ቀላል አይደለም። ሁቨር በበኩሉ ገለልተኛ የሆነ ቁጥጥር ከቀረ እንግሊዞች ባሕሩን መልሰው እንደሚዘጉና ሕዝቡ ሁሉ እንደሚራብ አጥብቆ ተከራከረ፤ ኮሚሽኑን ይዞ እንደሚወጣም አስጠነቀቀ። የእንግሊዝ መንግሥት ከሁቨር ጋር ቆመ፤ በዓመቱ መጨረሻም ስምምነት ተፈረመ። የቁጥጥሩ ሥልጣን ለኮሚሽኑ፣ የማደሉ ሥራ ለቤልጂጎች ሆኖ ጸና። ሁለቱ ሰዎች ከጦርነቱ በኋላም ተባብረው መሥራታቸው፣ ክርክሩ የግል ጠብ ሳይሆን ጎተራና ጎረቤት በተገናኙበት ሁሉ የሚነሣ የሥራ ጥያቄ እንደ ነበረ ያስረዳል።

በ1917 ዓ.ም. አሜሪካ ራሷ ወደ ጦርነቱ ስትገባ አሜሪካውያኑ መልእክተኞች ወጥተው የሆላንድና የእስፓኝ ሰዎች ተተኩ፤ ሥራው ግን አልቆመም። ኮሚሽኑ ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ በጀርመን እጅ የነበረውን የሰሜን ፈረንሳይ ሕዝብ ሁለት ሚሊዮን ያህል ጨምሮ ሲመግብ ቈይቶ፣ እስከ ሥራው ፍጻሜ ከ5 ሚሊዮን ቶን በላይ ምግብ አስገብቷል። ኋላ የተረፈው ገንዘብ ለቤልጂግ ዩኒቨርሲቲዎችና ለተማሪዎች መርጃ ተሰጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ስለ ቤልጂግ ዕርዳታ በተነገረ ቁጥር የአሜሪካ ሕፃናት ያዋጡት ሳንቲምና የገበሬዎች የዱቄት ስጦታ ይጠቀሳል። ስጦታው እውነት ነበር፤ ክብርም ይገባዋል። ሆኖም ከጠቅላላው ወጪ ትንሹን እጅ ብቻ ነበር የሸፈነው። ጎተራውን የሞላው በአመዛኙ የእንግሊዝና የፈረንሳይ፣ በኋላም የአሜሪካ መንግሥታት ገንዘብ ነው። ጎረቤት እህሉን በፍቅርና በጥበብ አደለ እንጂ ጎተራውን አልሞላም፤ መሙላትም አይችልም ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ሁቨር በመካከለኛውና በምሥራቅ አውሮፓ የሕፃናትን መመገቢያ በዚሁ ሥርዓት አስፋፋ። በ1921 ዓ.ም. በሩሲያ ታላቅ ረሃብ ሲወርድ፣ የአዲሱን መንግሥት ሐሳብ አጥብቆ የሚቃወም ሰው ሆኖ ሳለ፣ በዚያው ዓመት በኦገስት በሪጋ ከተማ በተፈረመ ውል ዕርዳታው እንዲገባ አደረገ። በ1922 ዓ.ም. ሥራው ጣሪያ ላይ በደረሰ ጊዜ በየቀኑ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ይመገቡ ነበር፤ አሜሪካውያኑ ጥቂት መቶዎች ሲሆኑ፣ በየመንደሩ የሚያድሉት ከመቶ ሺህ የሚበልጡ የአገሩ ሰዎች ነበሩ። የዚህም ዋና ገንዘብ የወጣው ከአሜሪካ መንግሥት ነው።

ሁቨር ከ1921 ዓ.ም. ጀምሮ የንግድ ሚኒስትር ነበር። በ1927 ዓ.ም. የሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ ሰፊ አገር ሲያጥለቀልቅ የዕርዳታውን ሥራ እንዲያስተባብር ተመረጠ። ቀይ መስቀል ድንኳንና ምግብ አቀረበ፤ የየአካባቢው ኮሚቴዎችም አደሉ። በቀይ መስቀል ሰፈሮች ከ300 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ተጠለሉ። በዚህ ጊዜ ግን የአሠራሩ ሌላ ገጽ ታየ። በደቡቡ አገር ኮሚቴዎቹን የያዙት ባለ እርሻዎች ነበሩ፤ ከተፈናቀሉት አብዛኞቹ ደግሞ መሬት የሌላቸው ጥቁር ጭሰኞች ናቸው። በግሪንቪል ከተማ ጥቁሮቹ ምልክት እየተንጠለጠለባቸው ከሰፈሩ እንዳይወጡ ተከለከሉ፤ ምግብ ለማግኘትም በጠመንጃ ጥበቃ ሥር በግድብ ላይ እንዲሠሩ ተገደዱ። ሁቨር ጉዳዩን የሚመረምር የጥቁሮች አማካሪ ኮሚቴ በሮበርት ሞተን መሪነት አቋቋመ፤ ነገር ግን ኮሚቴው ያቀረበውን ሁሉ አልፈጸመም። ጎረቤት የተራበውን ያውቃል ስንል፣ ጎረቤት ጌታም ሊሆን እንደሚችል መርሳት የለብንም። በቤልጂግ በጎተራውና በአዳዩ መካከል የቆመው ገለልተኛ ተቈጣጣሪ በሚሲሲፒ አልነበረም።

ሁቨር በዚሁ ሥራ ያገኘው ዝና በ1928 ዓ.ም. ለፕሬዚዳንትነት አበቃው። በማርች 1929 ዓ.ም. ሥልጣኑን ያዘ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ታላቁ የኤኮኖሚ ውድቀት ደረሰ። በ1930 ዓ.ም. ደግሞ በአርካንሶና በአካባቢው ከባድ ድርቅ ሆነ። ዓለምን የመገበው መሐንዲስ የራሱን አገር እንዴት እንደሚመግብ ሁሉም ይጠብቅ ነበር።

እሱ የመረጠው መንገድ ግን የቤልጂግን አሠራር ግማሹን ብቻ ነው። ችግረኛውን የሚረዱት የየአካባቢው በጎ አድራጎት ማኅበራትና ቀይ መስቀል ናቸው፤ ገንዘቡም ከሕዝብ ስጦታ ይምጣ፤ ማዕከላዊው መንግሥት በቀጥታ ምግብ መስጠት ከጀመረ የጎረቤት ርኅራኄ ይጠፋል የሚል አቋም ያዘ። በዲሴምበር 1930 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ለድርቅ አገር ገበሬዎች 45 ሚሊዮን ዶላር ብድር ሲፈቅድ፣ ገንዘቡ ለዘርና ለከብት መኖ እንዲውል እንጂ ለሰው ምግብ እንዳይሆን አስተዳደሩ ተከራከረ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በጃንዋሪ 3 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ እንግላንድ በምትባል አነስተኛ የአርካንሶ ከተማ በመቶ የሚቈጠሩ ገበሬዎች ወደ ገበያው ገብተው ለልጆቻቸው ምግብ ጠየቁ። የአካባቢው ቀይ መስቀል ዕርዳታ መስጠት አቁሞ ነበር፤ ምክንያቱም ተረጂዎች የሚሞሉት የማመልከቻ ወረቀት አልቆበት ነበር። ነጋዴዎቹ መደብራቸውን ከፍተው ለሕዝቡ ምግብ አደሉ። ቤልጂግ ውስጥ ባዶ ጆንያ ሳይቀር ይቈጠር የነበረበትን ሥርዓት ላሰበ ሰው፣ በወረቀት እጥረት ሕዝብ መራቡ እጅግ የሚያሳዝን ነው።

በከተሞችም እንደዚሁ ነበር። በፊላዴልፊያ የተቋቋመው ታዋቂ የዕርዳታ ኮሚቴ በ1932 ዓ.ም. በጁን ወር ገንዘቡ አልቆ ተበተነ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በዚያው ጊዜ አገሪቱ እህል አልጐደላትም። የስንዴ ዋጋ እንዳይወድቅ በማለት አንድ የመንግሥት ቦርድ ብዙ ስንዴ ገዝቶ በመጋዘን አከማችቶ ነበር። ጎተራው ሙሉ፣ ጎረቤቱም ዝግጁ፣ የተራበውም በበሩ ላይ ሳለ፣ በመካከላቸው የሚያገናኝ ውል አልነበረም። ምክር ቤቱ 40 ሚሊዮን ቡሽል፣ ማለትም ወደ 1.1 ሚሊዮን ቶን የሚጠጋ ስንዴ ለቀይ መስቀል እንዲሰጥ የወሰነውና ሁቨርም የፈረመው በማርች 1932 ዓ.ም. ነው። በጁላይ ተጨማሪ ተፈቀደ። ቀይ መስቀል በቅርንጫፎቹ በኩል ዱቄቱን ለየአገሩ አዳረሰ። አሠራሩ የቤልጂጉ ዓይነት ነበር፤ የሠራውም በደንብ ነው፤ የመጣው ግን ዘግይቶ ነው። ሕዝቡ በየከተማው ዳርቻ ከቆርቆሮና ከካርቶን ለሠራቸው የችግረኛ መንደሮች የፕሬዚዳንቱን ስም ሰጥቷቸው ነበር፤ በኖቬምበር 1932 ዓ.ም. ምርጫ ሁቨር በሩዝቬልት ክፉኛ ተሸነፈ።

ይህን ሁኔታ የሚመለከት ሰው ሁቨር ጨካኝ ነበር ሊል ይችላል። ሕይወቱ ግን ይህን አያሳይም። ስሕተቱ የመሐንዲስ ስሕተት ነው ቢባል ወደ እውነቱ ይቀርባል። በአንድ ሥፍራ የሠራለትን መሣሪያ ወደ ሌላ ሥፍራ ሲወስድ ዋናውን ክፍል ትቶ ሄደ። ከቤልጂግ ያስታወሰው የበጎ ፈቃደኞቹን ትጋት፣ የማዘጋጃ ቤቶቹን ኮሚቴ፣ የጎረቤቱን ርኅራኄ ነው። የእንግሊዝና የፈረንሳይ መንግሥታት በየወሩ የሚከፍሉት ገንዘብ ባይኖር ያ ሁሉ ትጋት በጥቂት ሳምንት እንደሚያልቅ ከማንም ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነበር። በልጅነቱ ወላጅ አልባውን ልጅ ያሳደገች መንደር ለአንድ ልጅ በቂ ነበረች፤ ድርቅ ለመታው ክፍለ ሀገር ግን በቂ ልትሆን አትችልም። ሁሉም ጎረቤት በአንድ ጊዜ ሲራብ ማን ለማን ይደርሳል?

ሁቨር ከሥልጣን ከወረደ በኋላ ብዙ ዓመት በነቀፌታ ኖረ። በ1946 ዓ.ም. ግን ፕሬዚዳንት ትሩማን የዓለምን የምግብ እጥረት እንዲያጠና ጠራው፤ በ72 ዓመቱ ዳርቻ 38 አገሮችን በአውሮፕላን ዞሮ ተመለከተ። በ1947 ዓ.ም. በጀርመን አገር ባቀረበው ሐሳብ መሠረት 3.5 ሚሊዮን ያህል ተማሪዎች በየትምህርት ቤታቸው ምሳ ማግኘት ጀመሩ፤ ጀርመኖችም ምግቡን በእሱ ስም ጠሩት። በቤልጂግ ከወጣት መልእክተኞቹ አንዱ የነበረው ሞሪስ ፔት የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት የመጀመሪያ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ ሥራውን ሲቀበልም የቀድሞ ጠላት አገሮች ሕፃናት ሳይለዩ እንዲረዱ አስቀድሞ ተስማምቶ ነበር። ሁቨር ኦክቶበር 20 ቀን 1964 ዓ.ም. በኒውዮርክ በ90 ዓመቱ ዐረፈ፤ በተወለደባት በዌስት ብራንች ተቀበረ።

ሁቨር በሞተ በሦስተኛው ዓመት፣ በ1967 ዓ.ም.፣ በአሪዞና ክፍለ ሀገር በፊኒክስ ከተማ ጆን ቫን ሄንግል የተባለ ሰው የመጀመሪያውን የምግብ ባንክ ከፈተ። ይህ ሰው በአንድ የድሆች ማዕድ ቤት በበጎ ፈቃድ ሲያገለግል፣ ሳይለቀም የቀረ ፍሬ ሰብስቦ ማዕድ ቤቱ ሊጠቀምበት ከሚችለው በላይ አገኘ። ትርፉን ለሌሎች ማኅበራት ለማካፈል በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ዕርዳታ መጋዘን ከፈተ። ዛሬ በአሜሪካ በአንድ ማኅበር የተሳሰሩ ወደ 200 የሚጠጉ የምግብ ባንኮች ለ60 ሺህ ያህል የአካባቢ ማኅበራትና ማደያዎች ያቀርባሉ። ጎተራው የሚሞላው በስጦታ ብቻ አይደለም፤ መንግሥት ከገበሬው የሚገዛው ምግብም ይገባበታል። ተቈጣጣሪው በየማኅበሩ ይዞራል። ማኅበሩም ቁጥጥሩን እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ውሉ ክፍል ይቀበላል፤ ወይም መቀበል ይገባዋል። ፍራንኪና ሁቨር በ1916 ዓ.ም. የተከራከሩበት ነገር ዛሬም በእያንዳንዱ መጋዘን በር ላይ ይነሣል።

ለእኛ አገር ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም። በ1982 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ የመጠባበቂያ እህል ክምችት ለዕርዳታ ድርጅቶች እህል በብድር እየሰጠ፣ ቃል የገቡት እህል ሲደርስ መልሶ የሚረከብ ጎተራ ሆኖ አገልግሏል። በሌላው ወገን ደግሞ በየሰፈሩ እድር አለን፤ የእድር ዳኛና ጸሐፊ የአባሉን ቤት፣ የልጆቹን ቁጥር፣ የታመመውንና የተቸገረውን ያለ መዝገብ ያውቃሉ። እንዲህ ያለ ዕውቀት በማንም መጋዘን ውስጥ አይገኝም።

የሙያ ባልደረቦቻችን መጋዘን እንዲነድፉ፣ መንገድ እንዲሠሩ፣ የማከፋፈያ ሥርዓት እንዲያቅዱ በየጊዜው ይጠየቃሉ። በዚያን ጊዜ የቶኑን ብዛትና የግድግዳውን ውፍረት ከማስላታቸው ጋር ሦስት ነገሮችን እንዲጠይቁ ከሁቨር ሕይወት እንማራለን። ጎተራውን በክፉ ዓመት ማን ይሞላዋል? የተረጂውን ስም ዝርዝር የሚጽፈው ማነው፤ ከዝርዝሩ ውጭስ የቀረ የለም ወይ? በሁለቱ መካከል ቆሞ ያለ አድልዎ የሚመረምረው ማነው? ቤልጂግ ሦስቱንም መልሳ ተረፈች። በሚሲሲፒ ሦስተኛው ጐደለ። በአርካንሶ የመጀመሪያው ጐደለ፤ ጎረቤት በበሩ ቆሞ፣ የሚሞላ ወረቀት እንኳ አጥቶ ባዶ እጁን ቀረ።